የገበያን ወሬ ወደ መዝገብ ስለ መለወጥ

ነጋዴ ከሚገዛውና ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚያሻው የገበያ ወሬ ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው ገበያ እንደ በዛ፥ በየትኛው እንዳነሰ፥ ትናንት በስንት እንደ ተሸጠ፥ ዛሬስ ፈላጊው ማን እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ገንዘቡ ምንም ያህል ቢበዛ በጨለማ እንደሚራመድ ይቆጠራል። አባቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፥ ከመንገደኛ ጋር በተገናኙ ጊዜ ከሰላምታው ቀጥለው የሚጠይቁት የገበያውን ነገር ነበር።

ዛሬ ወሬው አላነሰም። በእያንዳንዱ ነጋዴ እጅ ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ፤ በእያንዳንዱም ሱቅ የተሸጠውና የተገዛው የሚጻፍበት ደብተር አለ። ዳሩ ግን የባሕር ዳር ዓሣ ነጋዴ የሚያውቀውን የጎርጎራው አያውቀውም፤ የወረታ የሩዝና የሽንኩርት ሰብሳቢ የያዘውን ቁጥር የባሕር ዳር ባለ ሱቅ የሚሰማው ከደላላ አፍ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ቁራጩን ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ በጣና ዙሪያ ያለን ነጋዴዎች በየደብተራችን የተዘጋውን የዋጋና የመጠን ቁጥር፥ የማንንም ስም ሳንገልጽ፥ በአንድ የጋራ መዝገብ ብናኖረው ከምናጣው ይልቅ የምናገኘው ይበልጣል የሚል ነው።

ለመሆኑ የዚህ ሐይቅ ገበያ ከሌላው ምን የተለየ ነገር አለው? ሐይቁ ገበያዎቹን ያቀራርባል፤ ያራርቃልም። በደቅ ደሴት የሚኖር ገበሬ ወይም ዓሣ አስጋሪ ዕቃውን በጀልባ ጭኖ ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ ዋጋው አልተስማማኝም ብሎ ወደ ሌላ ገበያ ለመዞር አይቻለውም። የጀልባው ዋጋ ተከፍሏል፤ ቀኑም መሽቷል፤ ዓሣውም ሌሊቱን አይጠብቅለትም። ስለዚህ በተጠየቀው ዋጋ ይሸጣል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ማንም ያውቃል፤ በየሳምንቱ ምን ያህል ኪሎ እንደሚፈለግና ምን ያህል እንደሚገባ ግን በቁጥር የሚናገር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የዘጌ ቡናና ጌሾ፥ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርትም ዕጣቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሽንኩርት በምርት ጊዜ በገበያው ሞልቶ ዋጋው ይወድቃል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ሽንኩርት ይወደዳል። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም ሲሆን በየዓመቱ እንደ አዲስ ነገር ያስደነግጠናል። ምክንያቱም ያለፈው ዓመት ነገር በቃል እንጂ በመዝገብ አልቀረልንም።

በዘመናችን የመረጃ ሥርዓት የሚባለው ነገር ስሙ ከባድ ቢመስልም ሥራው አራት ብቻ ነው፤ ይኸውም ቁጥሩን መሰብሰብ፥ ሳይበላሽ ማስቀመጥ፥ አንዱን ከሌላው ጋር ማገናዘብ፥ ውጤቱንም ለባለ ጉዳዩ መመለስ ነው። ኮምፒዩተር ይህን ሥራ ያፈጥነዋል እንጂ ሥራውን ራሱን አይፈጥረውም። ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አራተኛው ነው። ቁጥር ስጡን ተብለን ሰጥተን፥ የሰጠነው ቁጥር ምን እንደ ሆነ ሳንሰማ የቀረንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለሰጠው ነገር ምላሽ የማያገኝ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የመጣለትን ቁጥር ጽፎ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ቢደረደር፥ ቢደመር፥ ቢካፈል ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጋራ መዝገብ የሚቆመው ለሰጪው ቶሎ ሲመልስ ብቻ ነው።

የወሬ መገናኘት ምን እንደሚያደርግ በሕንድ አገር በኬረላ ግዛት የታየው ነገር ለጣና ዓሣ አስጋሪ ቅርብ ምሳሌ ይሆናል። ሮበርት ጄንሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፥ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 1997 በባዳጋራ የባሕር ዳርቻ 11 ዓሣ አስጋሪዎች ገዥ አጥተው ያጠመዱትን ሊጥሉት ሲሉ፥ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር በማይርቁ ሁለት ገበያዎች ደግሞ 27 ገዥዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። በዚያ ዘመን በባሕሩ ዳርቻ ከሚጠመደው ዓሣ በመቶ ከ5 እስከ 8 የሚሆነው ይጣል ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ከገባ በኋላ ግን የሚጣለው ዓሣ ከሞላ ጎደል ቀረ፤ በየገበያው የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ፤ የዓሣ አስጋሪው ትርፍ በአማካይ በመቶ 8 ጨመረ፤ የበላተኛውም ዋጋ በመቶ 4 ቀነሰ። ሻጭም ገዥም በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ የሚታይበት ጊዜ በንግድ ዓለም ብዙ አይደለምና ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጥቅሙ የመጣው ይባክን ከነበረው ዓሣ፥ በከንቱም ይጠፋ ከነበረው ጉዞ ነው።

ስልኩማ እኛም ዘንድ አለ፤ ታዲያ ሌላ ምን ያሻል የሚል ይኖራል። ስልክ የዛሬን ዋጋ ከአንድ ሰው ያሰማል፤ የሚሰማውም ያ ሰው ሊነግረን የፈቀደውን ነው። የሦስት ዓመት የገበያ አካሄድ፥ የዝናብና የጾም ወራት በዋጋው ላይ የሚያመጡት ለውጥ፥ በሁለት ገበያዎች መካከል ያለው ልዩነት የጀልባና የመኪና ኪራይ የሚያወጣ መሆን አለመሆኑ በስልክ ንግግር አይገኝም። ይህ የሚገኘው በየሳምንቱ ከተጻፈና ከተጠበቀ መዝገብ ነው።

በአገራችን በዚህ መንገድ የተሠራ ትልቅ ሥራ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፥ መሥራችና የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። ቡና በ2001 ዓ.ም. ገባበት፤ ሰሊጥም ተከተለ። ሻጭና ገዥ በአዳራሽ ቆመው በጩኸት ከተጫረቱ በኋላ መዳፍ ለመዳፍ አጋጭተው ይዋዋሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ። በመጋዘን የገባው እህል ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት በደረሰኝ ይሸጣል፤ የዕለቱም ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎችና በ929 የስልክ መሥመር ይነገር ነበር። ሩቅ ያለው የሰሊጥ ገበሬ የአዲስ አበባን ዋጋ ሳይውል ሳያድር ማወቁ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

ሆኖም ከዚሁ ሥራ የምንማረው አንድ ጥንቃቄ አለ። ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ፥ ከየትኛው ገበሬና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደ መጣ የሚናገረው ዝርዝር ጠፋ። ልዩ ቡና የሚሹ የውጭ አገር ገዥዎችም ይህን አጥብቀው ነቀፉ። ነቀፌታውም ሰሚ አላጣም፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 አምራቹና ላኪው ይበልጥ በቀጥታ የሚገናኙበትን መንገድ ከፈተ። ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ መዝገብ ሲሠራ የሚጣለው ዓምድ ኋላ ሊፈለግ ይችላል። የዘጌ ቡና «ቡና» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፥ የዘጌነቱን ዋጋ ለማስከፈል የሚፈልግ ላኪ ማስረጃ ያጣል። የቦታው ስም ከዕቃው ጋር ይኑር።

አስመጪዎችም ከዚህ ነገር የራቁ አይደሉም። በጥር 2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የተቋቋመው አንድ አስመጪ ወይም ላኪ ያንኑ ሰነድ ለባንክ፥ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችና ለጉምሩክ ለየብቻ ከማቅረብ ድኖ አንድ ጊዜ ባቀረበው ሁሉም እንዲሠሩበት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች አንዱን ወረቀት በጋራ ማየት ከቻሉ፥ በአንድ ሐይቅ ዳር ያለን ነጋዴዎች አንዱን የዋጋ ሠንጠረዥ በጋራ ማየት የምንችል አይመስላችሁምን?

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ዋናው ተቃውሞ «ዋጋዬ ምሥጢሬ ነው» የሚለው ነው። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ደንበኛን ማን እንደሚያበድር፥ ከማን እንደሚገዛ፥ ስንት እንደሚያተርፍ የነጋዴው የግል ጉዳይ ነው፤ በጋራ መዝገብ ሊገባም አይገባውም። ነገር ግን በአደባባይ በገበያ የተሸጠ የአንድ ኪሎ ዓሣ ዋጋ እስከ ማታ ሰው ሁሉ የሚሰማው ነውና ምሥጢርነቱ የአንድ ቀን እንኳ ዕድሜ የለውም። ከአምስት ወይም ከስድስት ነጋዴዎች የተገኘው ተደምሮ መካከለኛው ዋጋ ብቻ ቢወጣ፥ የማን ደብተር እንደ ሆነ የሚለይበት መንገድ የለም።

እዚህ ላይ ሕጉን ማስታወስ ያስፈልጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን እንዳይስማሙ ይከለክላል። እንግዲህ መዝገባችን የሚይዘው የተሸጠበትን ዋጋ ይሁን፤ ነገ በስንት እንሽጥ የሚል ምክር ከገጹ አይግባበት። ለነጋዴው ብቻ ሳይሆን ለገበሬውና ለሸማቹም ግልጽ ሆኖ በአደባባይ የሚለጠፍ መዝገብ ከዚህ ሐሜት ይድናል። የደቁ ዓሣ አስጋሪ ዋጋውን ካወቀ እኛ እንጎዳለን የሚል ነጋዴ ካለም፥ ተስፋ የቆረጠ አስጋሪ መረቡን ከሰቀለ በኋላ የሚነግደው ምን እንደሚሆን ያስብ።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። መዝገቡን ከሁሉ ይልቅ የሚያበላሸው የመለኪያ አለመስማማት ነው። አንዱ በቁና፥ አንዱ በጆንያ፥ አንዱ በኩንታል ቢጽፍ ቁጥሮቹ ሊነጻጸሩ አይችሉም፤ ዓሣም ሙሉውና ሥጋው ብቻ ተለይቶ የወጣው በአንድ ስም ቢጻፍ ዋጋው የተምታታ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም በኪሎ ይጻፍ፤ ቀረሶና አምባዛም ለየብቻ ይጻፉ። ዘመኑንም በወር ሳይሆን በሳምንት መቁጠር ይሻላል፤ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ሆና ሳለ እንደ ሌላው ወር ብትደመር የዓመቱን ሠንጠረዥ ታዛባዋለችና። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ መረጃ ለአገር ሒሳብ ይጠቅማል፤ የእኛ ዕቃ ግን በሳምንት ውስጥ ይበሰብሳል፥ በሳምንትም ውስጥ ይወደዳል።

መዝገቡ በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠልም መጠንቀቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በብዙ ስፍራ ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳውም። ሥራውን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ያሳረፈ ነጋዴ በዚያ ወቅት ምን እንደ ገጠመው ያውቃል። ስለዚህ ቁጥሩ በኮምፒዩተር ቢቀመጥም፥ በተራ የስልክ ጥሪ የሚሰበሰብና በወረቀትም የሚገለበጥ ይሁን። በወደቡና በገበያው በር የሚለጠፍ አንድ ሰሌዳ መብራትም ኢንተርኔትም ሳይሻ ያገለግላል።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ መመኘት ሥራውን ያደክመዋል። በእኛ በኩል የምናቀርበው ሐሳብ አራት ገበያዎችና አምስት ዕቃዎች ይበቃሉ የሚል ነው፤ ገበያዎቹ ባሕር ዳር፥ ወረታ፥ ጎርጎራና ደቅ፤ ዕቃዎቹም ቀረሶ፥ አምባዛ፥ ሽንኩርት፥ ሩዝና ጌሾ ይሁኑ። በየገበያው አምስት ፈቃደኛ ነጋዴዎች በሳምንት አንድ ቀን ለንግድ ምክር ቤቱ ጸሐፊ ይደውሉ፤ ዕቃውን፥ ደረጃውን፥ ቦታውን፥ የተሸጠውን ኪሎና ዋጋውን ብቻ ይንገሩ። በተከታዩ ሳምንት የተደመረው ሠንጠረዥ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ፤ በወደቡ ሰሌዳም ይለጠፍ። ይህ ሁሉ የሚፈጀው የአንድ ጸሐፊ ደመወዝና የስልክ ሒሳብ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የገበያን ነገር ለብቻ አውቆ ለመጨረስ የሚደክም ነጋዴ ሸክሙ ይከብደዋል፤ የሚያውቀውን ጥቂት አዋጥቶ የሌላውን የሚካፈል ግን ሳይደክም ብዙ ያያል። ሐሳቡ የተስማማችሁ አስመጪዎች፥ ላኪዎችና ባለ ሱቆች የምትሰጡት ቁጥር የየትኛው ገበያና የየትኛው ዕቃ እንደ ሆነ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ሃያ ነጋዴዎች ከተገኙ በሚመጣው መስከረም የመጀመሪያው ሳምንት የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ማውጣት ይቻላል።