ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያስ?

በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ እንደ «ቢሆን ኖሮ» የምንበድለው ሐረግ ያለ አይመስለኝም። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሁለት ክንፍ ያስፈልገዋል። «ዝናቡ በጊዜው ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ቡናው ያብብ ነበር» ስንል ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ክንፍ ዘርግተን ሁለተኛውን እንረሳዋለን። «ያ ንጉሥ ባይሞት ኖሮ…»፣ «ጣሊያን ባይወረን ኖሮ…»፣ «ያኔ ሸጬው ቢሆን ኖሮ…» እንልና ቃላችን ወደ ትንፋሽ ይለወጣል። «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝም እንደ ልበ ደንዳና ይቆጠራል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከሥነ ጽሑፍ የራቀ የሚመስል ሥራ ነው። በዓለም ዙሪያ አውሮፕላንን አሳንሰው ከፕላስቲክ፣ ከእንጨትና ከካርቶን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ የነበረውን ይሠራሉ፤ ጥቂቶቹ ያልነበረውን። እነዚህ ጥቂቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ አንድ አሮጌ ባለ ፒስተን የምድር ማጥቂያ አውሮፕላን ሞተሩ ወጥቶ በቱርቦፕሮፕ ቢተካ ኖሮ ምን ይመስል ነበር የሚለው ነው። ቱርቦፕሮፕ የጄት ሞተር ዘመድ ነው፤ ጉልበቱን ግን በአመዛኙ የሚሰጠው ፕሮፔለር በማዞር ነው። አየር መንገዳችን ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ባስገባቸው ኪው 400 አውሮፕላኖች ወደ ጅማ የመጣ ሰው በመስኮቱ አሻግሮ አይቶታል፤ እኛም በበቾ ቦሬ ሆነን ድምፁን ከሩቅ እንለየዋለን።

ይህ የግጥምና የወግ ገጽ ነው፣ ሞተር ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥቂት ይታገሠኝ። ሁለተኛውን ክንፍ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከእነዚህ ሰዎች የበለጠ ያሳየኝ ስለሌለ ነው።

ምሳሌው ከቤታችን ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል እንደገና ሲደራጅ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1956 መርቶታል። ከ1947 ጀምሮም ሳብ ቢ 17 የተባሉ ከ40 በላይ አውሮፕላኖች ከስዊድን መጡ። (አራት ሞተር ካለው ስመ ጥሩ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ጋር የሚገጥመው ስሙ ብቻ ነው።) ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል፣ የማረፊያ እግሩ መሸፈኛዎች በውርወራው ጊዜ እንደ ፍሬን የሚያገለግሉለት ብልህ ሥራ ነበር። ሞተሩ ስዊድን በጦርነቱ ዘመን ቀድታ የሠራችው የፕራት ኤንድ ዊትኒ «ትዊን ዋስፕ» ነው፤ 14 ሲሊንደር፣ 1,065 የፈረስ ጉልበት።

ለጅማ ሰው ይህ ሞተር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ በመብረር ሥራ የጀመረው አየር መንገዳችን ብዙም ሳይቆይ ጅማን ከበረራዎቹ አንዷ ሲያደርጋት፣ በሲ-47 አውሮፕላኖቹ ክንፎች ላይ ያገሣ የነበረው ያው ትዊን ዋስፕ ነው። የጦሩ አውሮፕላንና የጅማው መንገደኛ አመላላሽ በድምፅ ወንድማማቾች ነበሩ።

እንግዲህ ቢ 17ን ቱርቦፕሮፕ እናድርገው። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው የካናዳው ፒቲ6 ነው፤ ያልተገጠመበት የአውሮፕላን ዓይነት ጥቂት ነው። ከ1,000 በላይ ጉልበት ያላቸው የዛሬ ዝርያዎቹ 220 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ትዊን ዋስፕ ግን 560 ኪሎ ያህል ነው። ልዩነቱ 340 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 60 ኪሎ ስድስት ጆንያ ቡና ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ይህን ሁሉ ከአፍንጫው አውርዶ አውሮፕላኑ እንደ ድሮው ይበራል ብሎ የሚያስብ ሰው ሚዛን አጠገብ ቆሞ አያውቅም። የድሮው ሞተር ከክብደት ማዕከሉ 2 ሜትር ቀድሞ ተቀምጦ ነበር እንበል። 560 በ2 ሲባዛ 1,120። አዲሱ 220 ኪሎ ያንኑ 1,120 እንዲሞላ ከ5 ሜትር በላይ ወደ ፊት መውጣት አለበት! ባትሪውንና ሌላውን ዕቃ ወደ ፊት በማምጣት ጥቂቱን ማካካስ ይቻላል፤ ያም ሆኖ አፍንጫው ይረዝማል፤ ካልረዘመ ጭራው ይወርዳል። በ1፡72 ምጣኔ በሚሠራ፣ የክንፉ ጠቅላላ ርዝመት 19 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሞዴል ላይ ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ነገሩ የወረቀት ስሌት ብቻ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ ልጥቀስ፤ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ባስለር የተባለው ኩባንያ የዲሲ-3 ትዊን ዋስፖችን አውጥቶ ፒቲ6 ሲገጥም፣ ከክንፉ ፊት ያለውን የአውሮፕላን ገላ በ1 ሜትር ገደማ ያስረዝመዋል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዲት ቃል ሲለውጥ ቤቱ ይፈርሳል፣ ቤቱን ሲጠግን ምሥጢሩ ይሸሻል።

ሌላው ዕዳ የዘመን ነው። ቢ 17 በኢትዮጵያ ሰማይ የቆየው እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ፒቲ6 በሙከራ ጣቢያ የተነሣው በ1960 ሲሆን፣ በ1965 ይሰጥ የነበረው ጉልበት ከ500 ብዙም አይዘልም። ስለዚህ 1,000 ጉልበት ያለውን ፒቲ6 በዚያ ዘመን አውሮፕላን ላይ የሚሰቅል ሞዴል ሠሪ፣ የዐፄ ፋሲልን ወታደር ምንሽር የሚያስታጥቅ ደራሲ ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ሥራቸው ያምራል፤ እኔ ግን አላምናቸውም።

በጊዜው የነበረውስ? የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ «ዳርት» ነበር፤ ቫይካውንት የተባለውን የመንገደኛ አውሮፕላን ከ1948 ጀምሮ ያበረረ። ክብደቱ ከ540 ኪሎ ጥቂት ያልፋል፤ ከትዊን ዋስፕ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ጉልበቱ ከ1,500 በላይ። ወገቡም ቀጭን ነው፤ የትዊን ዋስፕ 1.22 ሜትር ስፋት ወደ 96 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በሞዴሉ ላይ ከ17 ሚሊ ሜትር ወደ 13 መሆኑ ነው። ሰው እዚህ ሲደርስ «እሰይ!» ይላል። ነገር ግን ዳርት 1 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንግዲያው አሁን ደግሞ አፍንጫው ሊከብድ ነው፤ ሞተሩ ወደ አብራሪው መጠጋት ይኖርበታል። ቢጠጋ፣ በስተኋላ የሚተፋው ትኩስ ጭስ ከሰውየው እግር ሥር እንዳይገባ በጎን ተጠምዝዞ መውጣት አለበት። ጉልበቱ ግማሽ ያህል ስለጨመረ ሲነሣ ወደ ጎን ይስበዋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው የጭራ ክንፍ መስፋት አለበት። ክንፉ ደግሞ በ1940 መጀመሪያ የበረረው ያው ክንፍ ነውና ሞተሩ በርትቷል ተብሎ ቁልቁል በበለጠ ፍጥነት አይወረወርም። ቤንዚን ቀርቶ የላምባ ወገን የሆነ ነዳጅ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ ሲበር ከድሮው አብዝቶ ይጠጣል፤ ስለዚህ ወይ ቦምብ ወይ ነዳጅ መቀነስ ግድ ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ናትና በቀትር በሳሳው አየር ያ 1,500 ጉልበት 1,500 ሆኖ አይጠብቀንም። ደግሞም የአየር መንገዱም የጦሩም አውሮፕላን አንድ ዓይነት ሞተር ሲኖረው በአገር ውስጥ ያለው እጅና ዕውቀት አንድ ነው፤ ዳርት ሲመጣ ያ ዝምድና ይቋረጣል።

ይህን መንገድ በእውን የሄዱበትም አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር ተዋጊዎች አንዱ የሆነውን ሙስታንግን ካቫሊየር የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ መጨረሻ በዳርት ሞከረው፤ ሐሳቡ ወደ ፓይፐር ተሻግሮ በ1980ዎቹ «ኢንፎርሰር» ሆነ። የአሜሪካ አየር ኃይል ፈትሾ ሳይገዛው ቀረ። እስከዚያ ድረስ ግን ከእናቱ ከሙስታንግ ጋር የሚጋራው ገላ ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አልሞላም ነበር። «ሞተሩን ብቻ እንለውጥ» ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው ይህ። ዳግላስም ስካይሬደር ለተባለው ብርቱ ባለ ፒስተን ማጥቂያው የቱርቦፕሮፕ ወንድም ፈልጎ በ1950 «ስካይሻርክ»ን አበረረ፤ የሞተሩ መዘዝ አላላውስ ስላለው 12 ብቻ ተሠርተው ቆመ። ሊተካው የመጣው ሲቀር ስካይሬደር በቬትናም ሰማይ ገና ብዙ ዓመት በረረ።

የኛው ቢ 17 ዳርት ቢገጠምለት ኖሮስ? በ1960 ኤፍ-86 ጄቶች፣ በ1966 ኤፍ-5 ወደ አገሪቱ ገብተዋል። ሂሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ መልሱ «ባይሆን ይሻል ነበር» የሚል ነው። ይህ መልስ ብዙዎችን ያሳዝናል፤ እኔን ደስ አሰኝቶኛል። የተሟላ «ቢሆን ኖሮ» አንዳንዴ እንዲህ ያለ ጀርባ አለውና። ቁጭታችን ግን ይህን ጀርባ አያውቅም፤ በእኛ ቁጭት ውስጥ ያልሆነው ሁሉ መልካም ነበር።

«ፀሐይ»ን አስቡ። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች፣ ጣሊያን ማርካ ወስዳ በሙዚየም ያቆየቻትና በጥር 2024 ወደ አገሯ የተመለሰች አውሮፕላን። በተመለሰች ሰሞን «ፋሺስት ባይመጣ ኖሮ…» የማይል አልነበረም። እኔም ብያለሁ። ግን እስኪ ሁለተኛውን ክንፍ እንስጣት። ሞተሯ 115 ፈረስ ጉልበት ያለው ቫልተር ቬኑስ ነበር፤ ከፕራግ የመጣ። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «አውሮፕላን እንሠራ ነበር ወይ?» ሳይሆን «ሞተሩን ማን ይሠራልን፣ ማንስ ያስተምረን ነበር?» ነው። የታሪክ ቀልድ ሆኖ ያ የቫልተር ፋብሪካ በ1960ዎቹ ኤም601 የተባለ ቱርቦፕሮፕ ሠራ፤ ፋብሪካውን በ2008 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገዛው፤ ከዚያው ሞተር የተወለደው ኤች80ም ዛሬ «ትረሽ» በሚባል የእርሻ መርጫ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ ይሽከረከራል።

ትረሽ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በባለ ፒስተን ሞተር ተወልዶ፣ ኤርስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወደ ቱርቦፕሮፕ ተለውጦ፣ አፍንጫው በሕጉ መሠረት ረዝሞ፣ በ1980ዎቹ በአየር መንገዳችን እጅ እዚሁ አገር ተገጣጥሞ «እሸት» ተብሎ ነበር። እንዴት ያለ ስም ነው! ስለ ፀሐይ የተነገረው እንጉርጉሮ ስለ እሸት ከተነገረው በእጅጉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም እሸት የሆነ ነገር ነው፤ የሆነ ነገር ደግሞ አያስለቅስም።

አንድ የሚከብድ ነገር ቀረኝ። የምድር ማጥቂያ አውሮፕላን የሚያጠቃው ምድር ነው፤ ምድር ላይ ሰው አለ። በሰኔ 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) በሐውዜን የገበያ ቀን የአገሪቱ አየር ኃይል ጄቶች የጣሉት ቦምብ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያጌጠ የማጥቂያ ሞዴል መደርደሪያ ላይ የሚያኖር ሰው የአፍንጫውን ክብደት አስልቶ ይህን ካላሰላ፣ እርሱም ዓረፍተ ነገሩን በግማሽ ትቶታል። ስካይሬደርንም ሙስታንግንም በቱርቦፕሮፕ የሚያስጌጡት ሞዴል ሠሪዎች በክንፉ ሥር የሚንጠለጠለውን ቦምብ ዓይነት በዝርዝር ያውቃሉ፤ የሚያርፍበትን መንደር ስም ሲጠቅሱ ግን አላየሁም።

ፎን ሮዘን ራሱ በሁለቱም በኩል የቆመ ሰው ነበር። በ1935 በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ ሊረዳ መጣ፤ በ1969 ለቢያፍራ ትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖችን አስታጥቆ ራሱ ማጥቂያ አደረጋቸው፤ በ1974 ደግሞ በድርቁ ዘመን የእነዚያኑ ዘመዶች ይዞ ተመልሶ መኪና ወደማይደርስባቸው የኢትዮጵያ መንደሮች የእህል ከረጢት ከአየር ጣለ። በሐምሌ 1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ሞተ። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት ክንፍ፣ ሥሩ የሚንጠለጠለው ብቻ የተለያየ።

ከዋንዛ እየጠረብሁት ያለሁት ቢ 17 እንግዲህ ዳርት አለው፤ አፍንጫው ቀጭን፣ ጭስ ማውጫው በቀኝ በኩል የተጠመዘዘ፣ የጭራው ክንፍ በ4 ሚሊ ሜትር የሰፋ። በክንፉ ሥር ምን እንደሚሰቀል ወስኛለሁ። 500 ኪሎ ይሸከማል ብለን ብንነሣ ባለ 60 ኪሎ ስምንት ጆንያ ይይዛል፤ አራት በግራ፣ አራት በቀኝ፤ 20 ኪሎ ትርፍ ለገመድና ለማንጠልጠያው። በ1፡72 ምጣኔ እያንዳንዱ ጆንያ የቡና ፍሬ ያህል ነው፤ ከቡና ፍሬ ግን አልሠራቸውም፣ ቅርጹ አይመጣም፤ ከሰም ይሻላል።