ስለ ሥዕል ዓይነትና በንግድ ስለሚሰጠው ጥቅም

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ቤተ ሰባችንን ይዘን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ተጕዘን፤ በሶዶ ጉራጌ አገር የሚገኘውን የጥያን ትክል ድንጋይ አይተን ተመለስን። በዚያ ስፍራ ካሉት 36 ሐውልቶች 32ቱ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ከምልክቶቹም መካከል ጎራዴ፤ ክብ ነገርና አንዳንድ ሰዎች እንሰት ነው የሚሉት ቅርጽ ይታያል። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሊቃውንት ግን የመቃብር ምልክት መሆኑን መርምረው ደርሰውበታል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ቢጻፍም፤ የብዙው ምልክት ትርጕም እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ታናሹ ልጃችን ድንጋዩን ሲመለከት ቆይቶ፤ «ይህን የሣለው ሰው ስሙ ማን ነው? ስንትስ ተከፈለው?» ብሎ ጠየቀን። ለጥያቄው መልስ ባናገኝለትም፤ ነገሩ ለዛሬ ወላጆች ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን። ልጁ ሲሥል ያየ አባት አብዛኛውን ጊዜ «ሥራ ፈት» ብሎ ይቈጣዋልና፤ በመጀመሪያ ሥዕል በንግድ ምን ምን ሥራ እንዳለው ማወቅ ይገባል።

አንደኛው፤ ልክን የሚያስረዳ ሥዕል ነው። የጥያን ድንጋይ በፎቶግራፍ ቢያነሡት ጥላውና ስንጥቁ ከቅርጹ ጋር ተደባልቆ ይታያል፤ እየለኩ በመስመር ቢሥሉት ግን ተፈላጊው ብቻ ተለይቶ ይወጣል። ስለዚህ የሕክምና መጽሐፍ አሳታሚ፤ ቤት ሠሪና የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ይህን ዓይነት ሥዕል ይፈልጋሉ። ዋጋውም በትክክለኛነቱ ነው።

ሁለተኛው፤ ታሪክ የሚተርክ ሥዕል ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል እየሣሉ ለውጭ አገር እንግዶች የሸጡ ሠዓሊዎቻችን፤ የንግግሩን ቋንቋ የማያውቅ ገዢ ታሪኩን በዓይኑ እንዲከተል አድርገዋል። በአሁኑ ዘመን ደግሞ የሕፃናት መጽሐፍ አሳታሚዎች የዚህ ሥዕል ገዢዎች ናቸው።

ሦስተኛው፤ ጌጥ ነው። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናየው ሐረግ ዛሬ በሠርግ መጥሪያ ወረቀት፤ በቀሚስ ጥልፍና በዕቃ መጠቅለያ ላይ ይታያል።

አራተኛው፤ ምልክት ነው። የዚህ ሥራው እምነትን ማስገኘት ነው። አያቶቻችን 1780 ተብሎ የፈረንጅ ዓመት የተጻፈበትን የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጌጥና ፈርጥ እየተመለከቱ ደኅናውን ከመጥፎው ይለዩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1887 ዓ.ም. መልካቸውና አንበሳ ያለበትን ብር በፓሪስ ቢያሠሩ፤ ገበያው የለመደውን ሥዕል ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ሱቅ ገብቶ የሚፈልገውን ሳሙና በወረቀቱ ሥዕል ለይቶ ይገዛል። የመልካም ምልክት ጥቅም ይህን ያህል ነው።

አምስተኛው፤ አላፊ አግዳሚውን የሚያቆም የማስታወቂያ ሥዕል ነው። ይህ ጥቂት መስመርና ደማቅ ቀለም ይወዳል። ብዙ ነገር የታጨቀበት ማስታወቂያ አንዱም ሳይታይለት ይታለፋል።

ሥዕል እንዲህ ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ፤ ገንዘቡ ለማን ይሁን? ከወዳጆቻችን የአንዱ ልጅ ለአንድ ቡና ነጋዴ ጀበናና ሴት አድርጎ ለከረጢት የሚሆን ሥዕል ሣለለት፤ መጠነኛ ዋጋም ተቀበለ። በዓመቱ ያው ሥዕል በካርቶን፤ በመኪና በርና በሱቅ ቆርቆሮ ላይ ተሥሎ ታየ። ልጁ ሄዶ ቢጠይቅ፤ «ዋጋህን ወስደሃል» ተባለ። አባቱ በችሎት ጽሕፈት የቈየን መሆናችንን ያውቃልና ወደ እኛ መጣ። «ውሉ የት አለ?» ብለን ብንጠይቀው ዝም አለ። ነጋዴው ክፉ ሰው ነው አንልም፤ ያልተጻፈውን ነገር እያንዳንዱ ለራሱ እንደሚመቸው ተረድቶታል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የሠዓሊን መብት ይጠብቃል። ነገር ግን በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ከሆነ፤ ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር የገንዘቡ ጥቅም ላዘዘው ሰው ሊሆን ይችላል። ነጋዴውም ቢሆን ሥዕሉን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ በአዋጅ ቍጥር 501/1998 ለመጠበቅ ቢፈልግ፤ ከሠዓሊው ጋር የተጻፈ ውል ቢኖረው ከኋላ ክርክር ይድናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ እርሳስ ሲይዝ አትቈጡት፤ ውል መጻፍን ግን አስተምሩት። በውሉም ላይ አምስት ነገር ይጻፍ፤ ሥዕሉ ለምን ሥራ እንደሚውል፤ በምን በምን ላይ እንደሚታተም፤ ለስንት ዓመት እንደሆነ፤ ዋናው ሥዕል በማን እጅ እንደሚቀር፤ የሠዓሊው ስም የሚጻፍበት ስፍራ የት እንደሆነ። ወረቀቱ ሁለት ይሁን፤ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ አንዱን ልጃችሁ ይያዝ።

የወዳጃችን ልጅ አሁንም ይሥላል። በቅርቡ ላገኘው ሥራ ውሉን ይዞ መጥቶ አስነበበን፤ የስሙን ስፍራ ግን ረስቶት ነበርና ጨምረንለት ሄደ።