እርጎና የስኳር በሽታ

በመቱም ሆነ በጎሬ፥ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከተነሣ ከጎረቤት አንዱ «እርጎ ይጠጣ፤ ስኳሩን ይቆርጥለታል» ማለቱ አይቀርም። አንድ ተማሪዬም አባቱ ይህን ሰምተው የኢንሱሊን መርፌያቸውን ሊተዉ ማሰባቸውን ነግሮኝ፥ «እውነት ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ቤት በመሆኑ መልሱን ለአንባቢዎች ማቅረብን መረጥሁ።

ወተት የሚረጋው ባክቴሪያ የሚባሉት፥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን፥ ከወተቱ ስኳር ከፊሉን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ሊቅ ኤሊ ሜችኒኮፍ የረጋ ወተት ለጤናና ለረጅም ዕድሜ ይረዳል ሲል እ.ኤ.አ. በ1907 ጽፎ ነበር። ዛሬ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ጤናን የሚጠቅሙት እንዲህ ያሉ ሕያዋን «ፕሮባዮቲክ» ይባላሉ።

አብዛኛውን ጊዜ በጉልምስና በሚጀምረው በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ የደም ስኳር በጥቂቱ መቀነሱን አሳይተዋል፤ ሌሎቹ ምንም ለውጥ አላገኙም። ደግሞም የተፈተኑት በስም የታወቁ፥ በቁጥር የተመጠኑ ባክቴሪያዎች ናቸው። የእኛ እርጎ ግን ከቤት ቤት ይለያል። በወይራ የታጠነው ቅል አንዱን ባክቴሪያ ይገታል፥ ሌላውን ያሳልፋል፤ የዛሬ ሳምንቱ እርጎ ከዛሬው ጋር አንድ አይደለም። ለጣዕሙ ይህ መልካም ነው፤ እኔም የምወደው ስለዚሁ ነው። መድኃኒት ግን ልኩ መታወቅ አለበት።

የመርፌው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በመጀመሪያው ዓይነት በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ እርጎ ደግሞ ኢንሱሊንን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ1922 በቶሮንቶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንሱሊን እስኪታከም ድረስ፥ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። ዛሬም መርፌውን ያቋረጠ እንዲህ ያለ በሽተኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። ለተማሪዬም አባቱ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አንዲት መርፌ እንኳ እንዳይዘሉ ነገርሁት።

እርጎውን በመጠን መጠጣት ግን አይከለከልም። ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፥ ወተቱን አፍልቶ ለብ ሲል ከፈላ ወተት በተሠራ እርጎ ማርጋት ይሻላል። የኢሉባቦር ማር ስሙ የታወቀ ቢሆንም እርጎው ላይ አይጨመር፤ አብዛኛው ስኳር ነውና። እንጀራንም የሚጠይቁኝ አሉ፤ ሊጡን ከሚያቦኩት መካከል እነዚህ ባክቴሪያዎች ይገኙበታል፥ ነገር ግን የምጣዱን ትኩሳት አይችሉትም።