የእድራችን ደንብ ቁልፍ

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሰሞኑን ያየሁት ነገር እስካሁን ደስ እያሰኘኝ ነው። የእድራችን ጸሐፊ መተዳደሪያ ደንቡን በፍላሽ ይዘው መጡ፤ ጠቅላላ ጉባኤው አንዳንድ አንቀጽ ይሻሻል ብሎ ወስኗል። ፋይሉ ሲከፈት ግን አማርኛ የሚባል የለም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የፐርሰንት ምልክት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ጋሼ ደነገጡ፤ «ልጄ፣ ቫይረስ ነው?» አሉ። እዚያ የምትተይበው ልጅ «አይ አባባ፣ ድሮ የተጻፈበት ፎንት ስለሌለ ነው» ብላ የታተመውን ቅጂ ተቀበለቻቸውና እንደ አዲስ መተየብ ጀመረች። የምትተይበው በሊብሬ ኦፊስ ነበር፤ ሜኑው ሳይቀር በአማርኛ።

ከድሮ ፎንቶች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት አብዛኛው የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ በራሱ መንገድ ይደለድል ነበር። ሠሪዎቹን አከብራለሁ፤ ምንም ባልነበረበት ዘመን አማርኛን ኮምፒውተር ላይ አውጥተውልናል። የሚያናድደኝ ከዩኒኮድ በኋላም ለብዙ ዓመት በዚያው መቀጠላችን ነው። ስንት የእድር ደንብ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ ባለቤቱ ራሱ ሊያነበው የማይችል ሆኖ ቀርቷል! ዛሬ አቢሲኒካ የተባለው ፎንትም፣ አማርኛ የሚተየብበት ኪማንም በነጻ ይገኛሉ፤ ፈቃዳቸውም ክፍት ነው። ምክንያት የለንም።

«የዎርዱ ክራክ እያለ ሊብሬ ኦፊስ ምን ያደርግልሃል?» የሚሉኝ አሉ። ክራክ አስተማማኝ ማዘመኛ አያገኝም፤ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ይዞ ይገባል፣ ቫይረሱም በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል። ከሰው ላብ የተሰረቀ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ልግዛ የሚል ደግሞ ዋጋው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በገጽ ሒሳብ የምትተይብ ልጅ ያንን ከየት ታመጣለች? ሊብሬ ኦፊስ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁልፍ ቁጥር ሳይጠይቅ አለ፤ የዎርድ ፋይልም ይከፍታል። ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ መስመሩን ሊስት ይችላል፣ ይህን አልደብቅም። ለኅትመት በፒዲኤፍ መላክ ነው መፍትሔው።

መንግሥት ራሱ እኮ ወደ ክፍት ሶፍትዌር ሄዷል። የብዙዎቻችን አሻራ የገባበት የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሕንድ አገር ባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስበው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በመጣው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም ዲስፔስ በሚባል ሶፍትዌር ተቀምጠዋል። ለሕዝብ መታወቂያ የታመነ ነገር ለወረዳ ደብዳቤ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም።

ማስታወሻም እንደዚሁ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ግጥሙንም፣ የዕዳ ሒሳቡንም፣ የስብከት ነጥቡንም ለራሳቸው በቴሌግራም ይልኩታል። የስልኩ መተግበሪያ ኮድ ክፍት ነው፤ ማስታወሻው የሚያድርበት ሰርቨር ግን የኩባንያው ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጽሑፉን ሁሉ ሩቅ አገር ያስቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔ ጆፕሊን በሚባል የማስታወሻ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ማስታወሻው በራሴ ኮምፒውተር ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ይከፈታል፤ ልተወው ብል ጽሑፌን በተራ ፋይል አውጥቼ በማንኛውም ፕሮግራም አነበዋለሁ። ለልጆቼ የማወርሰው የእናቴ የመድኃኒት ቅጠሎች ዝርዝር እዚያ ውስጥ ስላለ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደዚያ ሱቅ ሜኑ ልመለስ፦ የሊብሬ ኦፊስ አማርኛ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። አመሰግናቸዋለሁ። አንዳንዱ ቃል ግን ጆሮ ይቆረቁራል፣ ያልተተረጎመም አለ። ማረም የሚፈልግ ሁሉ ተመዝግቦ ማረም ይችላል። የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች መምህራን፣ እባካችሁ ለተማሪዎቻችሁ የክፍል ሥራ አድርጋችሁ ስጡልን፤ የልጅቷን ሱቅ አድራሻ የሚጠይቀኝ መምህር ካለ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፣ የትኛው ቃል እንደሚያስቸግራት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።