ለፎርማት 4,000 ብር?!

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ገርጂ ካፌ ቁጭ ብለን ስልኳን ሰጠችኝ። «ቲቸር፣ እስኪ ይዩልኝ፣ ኤሴዬ ፎርማት ተደርጎ መጣልኝ» አለች። ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ «ፕሮሰስ አድራጊ» ቢሮ ለአሜሪካ ኮሌጅ የምታመለክትበትን ጽሑፍ ፎርማት አደርጋለሁ ብሎ 4,000 ብር ተቀብሏታል።

ከፈትኩት። ሽፋን አለው፣ ሰማያዊ ክፈፍ አለው፣ ጥግ ላይ ፎቶዋ አለ። ሳነበው ግን ልጅቷ የለችም! እሷ የጻፈችው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ ከእናቷ ጋር ጄሪካን ይዛ ስለምትሰለፈው፣ ሰልፉ ላይ የጎረቤት ልጆችን ሂሳብ ስለምታስጠናው ነበር። የመጣላት «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ ዓለምን መለወጥ ነው» የሚል። ይቺን ዓረፍተ ነገር አምና በሌላ ልጅ ስም አንብቤያታለሁ።

ወገን፣ በግልጽ ልናገር። ይሄ ሥራ 4,000 ቀርቶ 4 ብር አያወጣም። የኮመን አፕ ዋናው ኤሴ ከ250 እስከ 650 ቃል ነው። በፋይል አይላክም፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚለጠፈው። ስትለጥፉት ክፈፉም፣ ቀለሙም፣ ያማረው ፊደልም ይጠፋል። ብሩ የተከፈለው ለሚጠፋ ነገር ነው!

ሥራው ይኸው ነው፦
- ጎግል ዶክ ላይ ጻፉ፣ ቃሉን ቁጠሩ።
- አንቀጽ በታብ አትጀምሩ፤ በአንቀጾች መሀል አንድ ባዶ መስመር ተዉ።
- ከለጠፋችሁ በኋላ እንደገና አንብቡት። ከመላካችሁ በፊት ፕሪቪው ከፍታችሁ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መኖሩን እዩ።
- ፋይል የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ የፋይሉ ስም የእናንተ ስም ይሁን፣ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው።

አለቀ።

«እንግሊዝኛችን ደካማ ነው» ትሉኛላችሁ። ሰዋስው ይታረማል። ሰው ቢያርማችሁ ነውር የለውም፤ ሰው ቢተካችሁ ነው ነውሩ። ማመልከቻው ላይ «ሥራው የራሴ ነው» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። ውሸት ከተገኘ የሚሰረዘው የእናንተ ዕድል ነው፤ ቢሮው ነገም ክፍት ነው።

ደላላውን ብቻ አልወቅስም። እኛ መምህራን ኤሴን በጠመኔ አስተማርን፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆልፈን ቁልፉን ኪሳችን ከተትን። እኔም አንዱ ነኝ። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ለራሴ ውጭ አመልክቼ አላውቅም። ይሄን ሁሉ የተማርኩት ከተማሪዎቼ ጎን ተቀምጬ ነው። እኔ ከቻልኩት እናንተም ትችሉታላችሁ።

ልጅቷስ? ማመልከቻው ሊዘጋ ስድስት ቀን ነበር የቀረው። የድሮዋን ጽሑፍ ከስልኳ ፈልገን አወጣን፣ አሳጠርናት፣ ለጠፍናት። 612 ቃል። ሁለት ማኪያቶ፣ ሁለት ሰዓት። ጄሪካኑም ተመለሰ።

ኤሴ የያዛችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ በነጻ አነባለሁ። አልጽፍላችሁም ግን!

12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ሼር አድርጉት።