ከፎቶው በኋላ

የዚህ እትም ዋና ርዕስ ሳምንታዊ ስብሰባ ነው። አሰልቺ ይመስላል። የሮታሪ ክለብ ግን እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ ሲጀመር፣ ጥቂት ሰዎች ተራ በተራ በአንዳቸው ቢሮ ከመገናኘት ያለፈ ነገር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ ገባ፤ በኋላም አባላቱ ለሕፃናት የፖሊዮ ጠብታ በማዳረስ ዘመቻ ተሳትፈዋል።

በዴሳ (የዳሞት ወይዴዋን እንጂ የሐረርጌዋን አላልኩም) ደግሞ መሰብሰብን ከእድር ተምራለች፤ የቀረ ይቀጣል። የክረምቱ በጎ ፈቃድ ሥራም በዚሁ ልማድ ላይ የቆመ ነው። ሰፊውን ገጽ የሰጠነው ለአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ነው፦ የበሰበሰው ሣር ይወርዳል፣ ጎረምሶች ጭቃ ይረግጣሉ፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሚስማር አቀብሉኝ ይላል፣ የቤቱ እመቤት እንሰቱ ሥር ቆመው የሚያፈሰውን በጣታቸው ያሳያሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን በጋው ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ የሚተክል ሞልቷል፤ ጥር ላይ ውኃ የሚያጠጣው ማነው? በየሳምንቱ መገናኘት የሚጠቅመው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ እትም የምረቃ ፎቶ ቀንሰን ለክትትል ቦታ ሰጥተናል። ቅር ያላችሁ ጻፉልን።