የነጻነቱ ቀን የእኛ የውድቀት ቀን የሆነ ግዞተኛ

ስለ ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወራ ሁሌ የምናነሳው ግራዚያኒን፣ የመርዝ ጋዙንና የካቲት 12ን ነው። ልክ ነን፣ አይረሳም። ዛሬ ግን አንድ ጣሊያናዊ እናንሳ። «ጣሊያን ደግሞ ምናችን ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንብባችሁ ፍረዱ።

ካርሎ ሌቪ ይባላል። የቶሪኖ ልጅ ነው፤ አይሁዳዊ፣ በሕክምና ተመርቆ ሥዕል ላይ የቀረ። ሙሶሊኒን በሚቃወም የኅቡዕ ቡድን ውስጥ አለህበት ተብሎ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት የለ፣ ሙግት የለ፤ ቀጥታ ግዞት። በፋሺስቶቹ ሕግ አንድ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ የማይፈልገውን ሰው እስከ 5 ዓመት ሩቅ አገር መስደድ ይችል ነበር። ሌቪን በመስከረም 1928 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣሊያ አሊያኖ የምትባል፣ ወባ የሚፈጃት፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች መንደር አስገቡት። በዚያው ወር የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ።

በር አልተቆለፈበትም። ግን ከመንደሩ ወሰን ውልፍት ማለት የለም። በየቀኑ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «አለሁ» ማለት አለበት፣ ደብዳቤው ይነበባል፣ ሹሙ ዓይኑን አይነቅልበትም። ካለው ቦታ ሁሉ የመቃብሩ ስፍራ ጸጥ ስለሚል እዚያ ሄዶ አዲስ በተቆፈረ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛ ነበር። አስቡት፣ ወጣት ሰው ነው።

ገበሬዎቹ ሐኪም መሆኑን ሲሰሙ ሕፃን ታቅፈው በሩን አንኳኩ። ያክማቸው ጀመር። መንግሥት ይቺን እንኳን ከለከለው፤ ገበሬው ተቆጣ። ስለ እኛ ጦርነት ሹሙ አደባባይ ሰብስቦ ሬዲዮ ሲያሰማቸው ግን ደንታም አልነበራቸው። ለእነሱ ሮም ራሷ ግብር ሰብሳቢ ባዕድ ነበረች።

አሁን ወደሚያመው እንምጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ሙሶሊኒ ደስታውን ሲያከብር ለአንዳንድ ግዞተኞች ምሕረት አደረገ። ሌቪ ግንቦት ላይ የተፈታው በዚህ ነው። እሱ ሲወጣ ደግሞ በሱ ቦታ የእኛ ሰዎች ገቡ። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንት ከነሚስትና ልጆቻቸው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተወስደው በ1933 ዓ.ም. በዚያው በሌቪ ከተማ በቶሪኖ አረፉ። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ ቀድመው ተረሽነው ነበር። ልዑል ራስ እምሩ ደግሞ የሙሶሊኒ ተቃዋሚ ጣሊያኖች በሚጋዙባት በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። (ሐምሌ 1935 ላይ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር የተወሰደው እዚያችው ደሴት፣ ራስ እምሩ የነበሩበት ቤት ነው። እግዜር ሲፈርድ እንዲህ ነው።)

ግዞት የፈረንጅ ፈጠራ ነው አላልንም፤ እኛም ልጅ ኢያሱን ጋራ ሙለታ ላይ ዘግተንባቸዋል።

ሌቪ በኋላ ስለ አሊያኖ መጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1945 ታትሞ ዓለም አነበበው። በ1967 ዓ.ም. ሲሞትም በኑዛዜው እዚያችው መንደር ተቀበረ። ዛሬ አሊያኖን የሚያውቅ ሰው በእሱ ምክንያት ነው የሚያውቃት። አዚናራንስ? ከመካከላችን ስንቱ ነው በካርታ ላይ የሚያሳይ? ከተጋዙት ውስጥ አምስት ስም የሚጠራልንስ? ጀግንነት ጀግንነት እያልን ፎቶ ስንለጥፍ እንውላለን፣ በባዕድ ደሴት የሞቱትን እናቶችና ሕፃናት ግን ስማቸውን አናውቅም። ይሄ ያሳፍራል፣ በግልጽ እንናገረው።

ስለዚህ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ሁሉ ጊዜው አለን። በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ ወይም ከሰፈራችሁ አንድ ትልቅ ሰው ጠይቁ፦ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ኖኩራ ወይም ወደ ዳናኔ የተጋዘ ዘመድ ነበረ ወይ? ማን ይባላል? ተመለሰ ወይስ እዚያው ቀረ? ድምፃቸውን ቅዱ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቁና በውስጥ መስመር ላኩልን። የመጣውን እየጻፍን በየካቲት 12 እናወጣዋለን።